«የልጄ ስም ከዚያ ሰውዬ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ይገባል ወይ?»

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጉንፋን ወይም ስለ ደም ግፊት አይደለም። ከወራት በፊት አንዲት እናት የጠየቁኝን ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። ማንነታቸው እንዳይታወቅ የጉዳዩን ዝርዝር ቀይሬዋለሁ። ጥያቄውን ግን አልነካሁትም።

እናትየው ሴት ልጃቸውን ይዘው ነው የመጡት። በልጅቷ ላይ የደረሰውን እዚህ አልዘረዝርም፤ ወላጅ የሆነ ሁሉ ይገባዋል። ፖሊስ ደብዳቤ ጽፎ ልኳቸዋል። እንዲህ ባለ ጉዳይ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት አለ። ወረቀቱን አንብቤላቸው እስክሪብቶ ስሰጣቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼ ከልጄ ላይ የሚወስዱት ነገር ከዚህ በኋላ የት ነው የሚቀመጠው? የልጄ ስም ከዚያ ሰውዬ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ይገባል ወይ?»

ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። ናሙናው እንዲወሰድ መፍቀድን ይናገራል። የት እንደሚቀመጥ፣ ለስንት ጊዜ፣ ማን እንደሚያየው፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን የሚናገር አንዲት መስመር የለችበትም። ስንት ዓመት ተምሬ፣ ስንት ዓመት ሠርቼ፣ ለእኚህ እናት የምመልሰው አጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ቀን በፊት ስንት ወላጅ እንዲያ እንዳስፈረምኩ ሳስበው አፈርኩ። የጠየቀኝ ስለሌለ እኔም አልጠየቅኩም ነበር።

ጥያቄው ደግሞ የእኚህ እናት ብቻ አይደለም። ጉለሌ የናሙና ሰፈር ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ታክሲ ውስጥ «ፓስተር ወራጅ!» እያልን የምንጠራው የሰፈር ስም የመጣው ከፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ያ ተቋም በየዘመኑ ስሙን እየለወጠ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። ጳውሎስ ሆስፒታልም እዚሁ እኛው ክፍለ ከተማ ነው። ከእናቶች ክንድ የተቀዳ ደም፣ ከጨቅላ ሕፃን ተረከዝ ወረቀት ላይ የተንጠባጠበ ደም፣ በኮቪድ ጊዜ ከአፍንጫችን የተወሰደው ስዋብ፣ ብዙው ወደዚህ ሰፈር ነው የሚመጣው። ያ ስዋብ የተወሰደው ቫይረስ ለመፈለግ ነበር፤ የእኛም ዲኤንኤ ግን አብሮ አለበት። ይህን የምለው ላስፈራችሁ አይደለም። ሐኪም ለሕክምና የሚወስደውና ፖሊስ ለምርመራ የሚፈልገው ነገር በአካል አንድ ዓይነት ነገር መሆኑን እንድታዩልኝ ነው። ልዩነቱ ያለው በምንጽፈው ደንብ ላይ ብቻ ነው።

ወደ ደንቡ ከመግባታችን በፊት ግን ሰው ሁሉ የሚያደናግራቸውን ሁለት ነገሮች እንለይ። አንዱ ናሙናው ነው፤ ደሙ፣ ምራቁ፣ ስዋቡ ራሱ። ሌላው ከናሙናው ተነብቦ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው፤ ፕሮፋይል ይሉታል። ናሙናው ጤፉ ነው ብላችሁ አስቡ፣ ፕሮፋይሉ ደግሞ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር። ለምሳሌ የአሜሪካ ፖሊስ ከዲኤንኤ ውስጥ 20 የተመረጡ ቦታዎችን ያነባል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2016 መጨረሻ 13 ነበሩ። በእያንዳንዱ ቦታ አንዲት አጭር የፊደል ቅደም ተከተል ስንት ጊዜ እንደተደጋገመች ይቆጥራል። ከዚያ የሚወጣው የቁጥር ዝርዝር ያንን ሰው ከሌላው ለመለየት ይበቃል። ስለ በሽታው ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አይናገርም።

ጤፉ ግን ሌላ ነው። ናሙናው እስካለ ድረስ ዛሬ ያልተነበበው ነገ በአዲስ ማሽን ሊነበብ ይችላል፦ በዘር የሚተላለፍ በሽታ፣ የአባትነት ጉዳይ፣ ገና ያላወቅነው ነገር ሁሉ። ማስቀመጡም እንደምታስቡት ከባድ አይደለም። የተጣራ ዲኤንኤ በፍሪዘር ለብዙ ዓመት ይቆያል፤ በልዩ ወረቀት ላይ የደረቀ ደም ደግሞ መብራት እንኳ ሳያስፈልገው በመደርደሪያ ላይ ዓመታትን ይቆጥራል።

ከጣት አሻራ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። «ለፋይዳ ጣታችንንም ዓይናችንንም ሰጥተን የለ፣ ይኼ ምን ይለያል?» የሚሉኝ አሉ። በመጀመሪያ ፋይዳ ዲኤንኤ አይወስድም፤ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ነው የሚወስደው። ሁለተኛ፣ የእኔ የጣት አሻራ ስለ ወንድሜ ምንም አያወራም። ዲኤንኤዬ ግን ያወራል። ልጅ ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ነው የሚወርሰው። ስለዚህ እናት ለልጇ ናሙና ስትፈርም ለራሷም፣ ለባሏም፣ ገና ላልተወለደው ታናሽም ጭምር እየፈረመች ነው። ይህን ወረቀቱ ላይ የሚጽፍላት የለም።

አሁን ወደ ሕጉ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ግን ፊርማ የምቀበል ሐኪም ስለሆንኩ ማንበብ ነበረብኝ። ዋናው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 ነው። አንቀጹ ሁለት ሰዎችን ለይቶ ያያል። ተጠርጣሪውን በሚመለከት፣ መርማሪው ፖሊስ አስፈላጊ ነው ካለ ሐኪም እንዲመረምረውና ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍር ያዝዛል፤ ደም መውሰድም በዚህ ውስጥ ይገባል። ተበዳይን በሚመለከት ግን ሐኪሙ ያለ ተበዳዩ የጽሑፍ ፈቃድ ምርመራውን እንዳያደርግ ይከለክላል። ተበዳዩ ለአካለ መጠን ካልደረሰ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለዘመኑ ደግ ሕግ ነው። ተበዳይዋ ሁለተኛ እንዳትበደል ያሰበ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። ነገር ግን አሌክ ጄፍሪስ የሚባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ሰውን በዲኤንኤ መለየት እንደሚቻል ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የእኛ ሕግ የወጣው በፈረንጆቹ 1961። ሕጉ ሲጻፍ ከደም የሚጠበቀው የደም ዓይነትና የመሳሰለው ነበር። ተመርምሮ ውጤቱ ከተጻፈ በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ደም ለማን ምን ይረባል? ስለዚህ ሕጉ ስለ መውሰድ እንጂ ስለ ማስቀመጥ አልተናገረም። በኋላ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652 ደግሞ ፖሊስ ከተጠርጣሪ ፀጉር፣ ደም፣ ምራቅና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ እንዲወስድ፣ እምቢ ካለም ኃይል እንዲጠቀም ፈቅዶ ነበር። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። እሱም ያተኮረው መውሰዱ ላይ ነበር።

ምንም የለንም አልልም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321 የዘረመል መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር መድቦታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን የሚያወጣ ሐኪምን ይቀጣል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። እነዚህ ጥሩ ጣሪያዎች ናቸው። እናትየው የጠየቁኝ ግን ስለ ጣሪያው አልነበረም። የትኛው ክፍል፣ የትኛው መደርደሪያ፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚለውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐኪም ወዳጄ ያለኝን ልንገራችሁ። «አንተ ደግሞ! የእኛ ችግር እኮ ናሙና በዛ አይደለም፤ ናሙና ጠፋ፣ ተበላሸ፣ ዘገየ ነው። ስንቱ ደፋሪ በማስረጃ እጦት ነው የሚለቀቀው» አለኝ። ልክ ነው። እኔም የፖሊስ የዲኤንኤ ምርመራ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም፤ እንዲያውም ይስፋፋ ከሚሉት ወገን ነኝ። ፌዴራል ፖሊስ የፎረንሲክ አቅሙን በአገር ውስጥ ለማሳደግ የሚያደርገው ጥረትም ደስ ይለኛል። ግን የተበላሸውም ናሙና፣ ያለ ቦታው የዋለውም ናሙና ያጣው አንድ ነገር ነው፦ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደነካው የሚናገር መዝገብ። ያ መዝገብ ካለ ደፋሪውም አያመልጥም፣ ልጅቷም አትጎዳም። ደግሞ ደንብ የሚጻፈው መደርደሪያው ባዶ ሳለ ነው። ከሞላ በኋላ ማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ሌሎቹ አይተውታል።

ሌሎቹ ምን አዩ? ከእኚህ እናት ጥያቄ ጋር በቀጥታ የሚገጥመው የሳን ፍራንሲስኮው ነው። አንዲት ሴት እ.ኤ.አ. በ2016 ተደፍራ ናሙና ሰጠች። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ፖሊስ ያንኑ የተበዳይነት ናሙናዋን ከሌላ የንብረት ወንጀል ጋር አመሳክሮ አሰራት። ነገሩ በ2022 መጀመሪያ ይፋ ሲወጣ የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ ክሱን አነሳ፣ የካሊፎርኒያ ግዛትም በዚያው ዓመት ይህን የሚከለክል ሕግ አወጣ። እስከዚያ ድረስ ግን የተበዳዮች ናሙና ለፍለጋ ይውል ነበር። አስቡት፤ ተደፍራ ለመክሰስ ድፍረት ያገኘች ሴት እንዲህ መሆኑን ብታውቅ ኖሮ ወደ ሐኪም ትሄድ ነበር? ወንጀል ሠርታ ከሆነስ የሚል አይጠፋም። ሠርታ ከሆነ በሌላ ማስረጃ ትጠየቅ። ተደፍራ በሰጠችው ደም ግን አይሆንም።

ሁለተኛው የኒው ጀርሲ ነው፤ ይኼኛው ለእኛ ለሐኪሞች ይበልጥ ያስደነግጣል። በዚያ አገር አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ተረከዙ ወጋ ተደርጎ ለበሽታ ምርመራ ጥቂት ጠብታ ደም ይወሰዳል። የኒው ጀርሲ ግዛት ያንን የደረቀ ደም እስከ 23 ዓመት ያስቀምጥ ነበር። ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈጸመ ወንጀል ሲመረምር የአንድ ሕፃንን ደም ከጤና ላብራቶሪው አስወጥቶ በእሱ በኩል ወደ አባቱ ደረሰ። ይህ በ2022 በክስ ወጣ። ግዛቱ በ2024 ዓመቱን ወደ ሁለት ዝቅ አደረገው። ስዊድንም ከ1975 ጀምሮ የሕፃናትን ደም ታስቀምጣለች፤ በ2003 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ አና ሊንድ ስትገደል ፖሊስ የተጠርጣሪውን የሕፃንነት ናሙና ከዚያ አስወጥቷል።

ሁለቱም ከባድ ወንጀሎች ነበሩ፤ ጥፋተኛው ይያዝ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እዚህ ጉለሌ ውስጥ ከኤችአይቪ ጋር የምትኖር እናት ስትወልድ ልጇን በስድስት ሳምንት አካባቢ ታመጣዋለች። ተረከዙን ወጋ አድርገን ደሙን ወረቀት ላይ እናንጠባጥባለን። ያ ወረቀት ይመረመራል፤ ቫይረሱ ከተገኘ ሕክምና በጊዜ ይጀመራል። ሕክምና ካላገኙ በቫይረሱ የተያዙ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞታሉ። ይህች እናት ከባሏ ተደብቃ፣ ከጎረቤት ተደብቃ ነው ብዙ ጊዜ የምትመጣው። «ያ ደም ፖሊስ ጋ ይሄዳል አሉ» የሚል ወሬ አንድ ቀን ቡና ላይ ቢነሳ ይህች እናት ትቀራለች። ልብ በሉ፣ እዚህ አገር እንዲህ ሆነ አላልኩም። እንዲህ እንዳይሆን የሚከለክል በግልጽ የተጻፈ ነገር እጄ ላይ ይኑር፣ እናትየው ስትጠይቀኝ ላንብብላት ነው የምለው።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚለውን ክርክር እንግሊዞች በፍርድ ቤት ጨርሰውታል። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የ11 ዓመት ልጅ ተይዞ ናሙና ተወሰደበት፤ በኋላ ነፃ ወጣ። ናሙናውና ፕሮፋይሉ ይጥፋልኝ ቢል ፖሊስ እምቢ አለ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2008 ለልጁ ፈረደ። አገሪቱ በ2012 ሕጓን ቀይራ ከ7.7 ሚሊዮን በላይ ናሙናዎችን አስወገደች፣ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ፕሮፋይሎችንም ሰረዘች። አሁን ከተያዘ ሰው የሚወሰደው ናሙና ፕሮፋይሉ እንደወጣ፣ ቢዘገይ በስድስት ወር ውስጥ እንዲወገድ ነው ሕጉ የሚለው። ጤፉ ይወገዳል፣ ቁጥሩ ብቻ ይቀራል፤ የንጹሑ ሰው ቁጥርም አይቀርም። የእንግሊዝ ፖሊስ በዚህ አልተዘጋም፤ ዛሬም በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት የዲኤንኤ ዳታቤዞች አንዱ የእነሱ ነው።

ቀረብ ወዳለው እንምጣ። ስንት እህቶቻችን የሚሠሩባት ኩዌት በ2015 አንድ መስጊድ ላይ ከደረሰ የቦምብ ጥቃት በኋላ ዜጋውም፣ ነዋሪውም፣ እንግዳውም ዲኤንኤ ይስጥ የሚል ሕግ አውጥታ ነበር፤ በ2017 የገዛ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቷ ሻረው። ጎረቤታችን ኬንያም ለብሔራዊ መታወቂያ ዲኤንኤ ልትሰበስብ ስትል ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር 2020 አይሆንም ብሏል።

አሜሪካ ልጅ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። ብዙዎቻችሁ ዲኤንኤ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማችሁት ከኤምባሲ ነው። ለቤተሰብ ጉዳይ ምርመራ ስትታዘዙ ናሙናው ከጉንጭ ውስጥ ይወሰዳል፣ ታሽጎ በቀጥታ ወደተፈቀደለት ላብራቶሪ ይሄዳል፣ ውጤቱም በቀጥታ ለኤምባሲው ይላካል። እናንተ እቃውን አትነኩትም። ያ የዝምድና ማረጋገጫ ነው። በድንበር በኩል የሚገቡት ግን ሌላ መንገድ ነው የሚጠብቃቸው፤ ከ2020 ጀምሮ የአሜሪካ የድንበር ባለሥልጣናት ይዘው ከሚያቆዩአቸው ስደተኞች ላይ ዲኤንኤ እየወሰዱ ኤፍቢአይ ወደሚያስተዳድረው የወንጀል ዳታቤዝ ያስገባሉ፣ ሰውየው ምንም ወንጀል ባይፈረድበትም። ልጃችሁ በዚያ መንገድ ሄዶ ከሆነ ቁጥሩ እዚያ ነው። የእናንተም ግማሽ አብሮ።

(በነገራችን ላይ፣ ለኤምባሲ ዲኤንኤ የምትሄዱ ጥንዶች ከምርመራው በፊት ተነጋገሩ። ውጤቱ ያልተጠበቀ ነገር ይዞ ሲመጣ ተጎጂው ሁልጊዜ ልጁ ነው። ይህን ሌላ ቀን በሰፊው እጽፈዋለሁ።)

ግድግዳ መሥራት ይቻላል ወይ ለሚል ሰው መልሱ ከራሳችን ሐዘን ይጀምራል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሳው ኢቲ 302 አውሮፕላን ከቢሾፍቱ ወዲያ ወድቆ የ35 አገር ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች አለቁ። በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ባዶ ሣጥን ቀበርን። ቤተሰብ ከአደጋው ቦታ የተዘገነ አፈር ተሰጠው። ከዚያ እናቶችና አባቶች፣ ልጆች፣ ወንድሞች ናሙና ሰጡ። ኢንተርፖልም የየአገሩ ባለሙያዎችም ተባብረው ወራት የፈጀ ሥራ ሠርተው የሞቱትን ለይተዋል። ያኔ ናሙና የሰጡት ሰዎች የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ የልጄን አጽም ስጡኝ። ደማቸው የተሰጠው ለዚያ ነው፣ ለሌላ ለምንም አይደለም።

ኢንተርፖል በ2021 አይ-ፋሚሊያ የሚባል የጠፉ ሰዎች መፈለጊያ ሲከፍት ቤተሰብ የሚሰጠው ዲኤንኤ ከወንጀል መረጃው ተለይቶ እንዲቀመጥ አድርጓል። ፖሊስ ለፖሊስ የሠራው ሥርዓት ነው፣ ሆኖም የእናትን ደም ከወንጀለኛ ደም ለየ። ስለዚህ አይቻልም የሚለኝ ሰው ካለ አላምነውም።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይኸው ነው። የተበዳይ ፕሮፋይል ለዚያ ጉዳይ ብቻ ይውል፣ በምንም መልኩ የተጠርጣሪዎች ፍለጋ ውስጥ አይግባ። ለሕክምና የተወሰደ ናሙና፣ በተለይ የሕፃን፣ ለወንጀል ምርመራ በር አይሁን፤ ፍርድ ቤት እንኳ ከፈለገው ለማንነት ፍለጋ ሳይሆን በሕይወት ያለን ወይም የሞተን ሰው ለመርዳት ይሁን። ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ዐቃብያነ ሕግ እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ጥፋተኛ ሊያመልጥ ይችላል ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ከሕክምና የቀሩትን ሕፃናት ነው የምቆጥረው። የተጠርጣሪ ናሙና ፕሮፋይሉ እንደወጣና ተከሳሹ በራሱ ባለሙያ ለማስመርመር ጊዜ እንዳገኘ ይወገድ፤ ነፃ የወጣ ሰው ቁጥር ማመልከቻ ሳያስፈልገው ይሰረዝ። የፍሪዘሩን በር የከፈተ ሁሉ ይፈርም። አዲስ የሥነ ሥርዓት ሕግ የምታረቅቁ ባለሙያዎች ይህን ገጽ የምታነቡ ከሆነ፣ አንቀጽ 34 አንድ ተጨማሪ ንዑስ አንቀጽ ይበቃዋል።

ሕጉ እስኪመጣ እኛ ወላጆች ምን እናድርግ?

ከሁሉ በፊት አትዘግዩ። እንዲህ ያለ ነገር በልጅ ላይ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ መድረስ አለባችሁ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከዚያ በኋላ አይሰጥም፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም የተሻለ ነው። እርግዝናን የሚከላከለው እስከ አምስት ቀን ቢሠራም ቀን በቀን አቅሙ ይቀንሳል። ልጅቷን አታጥቧት። አውቃለሁ፣ የእናት የመጀመሪያ ስሜት ማጠብ ነው፤ ትንሽ ታገሱ። የለበሰችውን ልብስ አትጠቡት፣ ፌስታል ውስጥም አትክተቱት። ፌስታል እርጥበት ይይዛል፣ እርጥበት ደግሞ ዲኤንኤን ያበሰብሳል። በወረቀት ከረጢት፣ ካልተገኘ በንጹሕ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ አምጡት። ሦስት ቀን አልፏል ብላችሁም አትቅሩ፤ ለቁስሉ፣ ለኢንፌክሽኑ፣ ለልቧ የሚደረግ ሕክምና አለ።

ሕክምናና ናሙና ሁለት ነገሮች ናቸው። የፖሊስ ደብዳቤ አልያዛችሁም ተብሎ ሕክምና ሊቀርባችሁ አይገባም። የማስረጃውን ናሙና እምቢ ብላችሁም ሕክምናውን ማግኘት ትችላላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ ናሙናውን ስጡ እላችኋለሁ፤ ያለ እሱ ብዙ ክስ ይወድቃል። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ ምን ምን ነው የሚወሰደው? ከእናንተ የሚረከበው ማን ነው፣ ርክክቡስ በፊርማ ነው? ጉዳዩ ሲያልቅ ምን ይሆናል? የወረቀቱን ቅጂ ወይም ፎቶ ይኑራችሁ። ሐኪሙ ካላወቀ አላውቅም ይበላችሁ፣ እንደ እኔ።

እናትየው በመጨረሻ ፈረሙ። ከመፈረማቸው በፊት ግን እስክሪብቶውን መልሰው ሰጡኝና «እኔ ጽሕፈቴ አያምርም፣ እዚህች ላይ ይጻፉልኝ» አሉኝ። ከፊርማው በላይ ባለችው ባዶ ቦታ «ለዚህ ጉዳይ ብቻ» ብዬ ጻፍኩላቸው፤ ከሥሩ ፈረሙበት። ያቺ መስመር ፍርድ ቤት ስትቀርብ ምን ያህል እንደምትመዝን ጠበቆች ይንገሩን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚመጣ ወላጅ ሁሉ ባዶዋን ቦታ አሳያለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ እንደተለመደው ማታ ማታ እመልሳለሁ። የልጃችሁን ስም፣ ሰፈርና የደረሰባትን ግን እባካችሁ በግልጽ አትጻፉ፤ እሱን በአካል እንነጋገራለን።